ስልሳ አምስተኛው ድምፅ

"ባዶ!" አለ ቆጣሪው፣ የመጨረሻዋን ወረቀት ለአዳራሹ እያሳየ።

ከተቃዋሚ እንደራሴዎች አንዱ የሆነው ናሲብ አንገቱን ደፋ። ለተቃዋሚዎቹ እጩ ለፋሪስ ስልሳ አራት፣ ለባላንጣው ስልሳ ሦስት፣ አንድ ባዶ። ፓርላማው ለሁለት ተከፍሎ ቤይሩት ያለ ፕሬዚዳንት አስራ አራት ወር ከርማለች። ሦስቱ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በአንድ ሰው እስኪስማሙ ዓመት ሙሉ ሲናከሱ ኖረው፣ ዛሬ የሚያስፈልጋቸውን ስልሳ አምስት ሰው ይዘው ነበር የገቡት።

ስብሰባው እንደተበተነ ጥምረቱን ያሰባሰበችው ሂንድ የጥምረቱን ሰዎች ቢሮዋ ጠራቻቸው። ፋሪስ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሂንድ ፊቷን ወደ ሽማግሌው ወደ ዋዲዕ አዞረች።

"ፋሪስን አልወደውም ሲሉ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"አልወደውም አልኩ እንጂ አልመርጠውም መቼ አልኩ?"

"ታዲያ ባዶውን ጅኒ ነው የከተተው?"

ዋዲዕ አርባ ዓመት በፖለቲካ ሲኖሩ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም።

"እንግዲህ የሚቀጥለው ሳምንት፣ ምርጫው ሲደገም፣ ወረቀትዎን ሰው እያየ ይጽፋሉ" አለች ሂንድ። "ናሲብ ከጎንዎ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ያያል። አይደል ናሲብ?"

ናሲብ ራሱን ነቀነቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ብዕሩን ይዞ የፋሪስን ስም ሊጽፍ ሲል የአባቱ ለቅሶ ትዝ ብሎት ነበር። ፋሪስ በሾፌር አበባ ልኮ ቀረ። እኚህ ሽማግሌ ግን ሦስቱንም ቀን ከበሩ ሳይነሱ ለቀስተኛ ተቀበሉለት።

"ይሁን" አሉ ዋዲዕና ወጡ።

ጄኔሬተሩ ቆሞ ስለጨለመ ደረጃውን ግድግዳ እየያዙ ሲወርዱ ናሲብ ደረሰባቸው።

"አሞ ዋዲዕ" አለ፣ በአረብኛ እንደ አጎት እየጠራቸው፣ "ለምን እሺ አሉ?"

"ዓይኔ ደክሟል እንጂ አልታወረም፣ ልጄ። ሳጥኑ ሲዞር ብዕርህ ወረቀቱን አልነካም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"እኔን ቢጠረጥሩ የሚጎዳው አንድ ሽማግሌ ነው። አንተ ነህ ካልኩ የናንተ ፓርቲ አኩርፎ ከጥምረቱ ይወጣል፣ የለፋንበት ሁሉ ገደል ይገባል። የሚቀጥለው ሳምንት ስሙን ጻፍና ይለፍ።"

"እርስዎን እያየሁ?"

"እያየኸኝ። አባትህም ቢሆን እልኸኛ ነበር" አሉና መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ናሲብ እስከ ታች ሊሸኛቸው አስቦ ነበር። ግን ፊታቸውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ተመለሰና የሂንድን በር ከፈተ። ፋሪስ ካፖርቱን እየለበሰ ነበር።

"ምን ረሳህ?" አለች ሂንድ።

"የሚቀጥለው ሳምንት ስጽፍ" አለ ናሲብ፣ ዓይኑን ከፋሪስ ሳይነቅል፣ "አሞ ዋዲዕ ናቸው እኔን የሚያዩኝ።"