በሰንበት የተለቀመ ቡና

የኔነሽ እሑድ አትሠራም። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚያች ትንሽ የቡና ከተማ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። እሑድ ለታ በርበሬ ቸግሮት በሯን የሚያንኳኳ ሰው ከውስጥ የሚሰማው "ነገ!" የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ቢለማመጣትም "ነገ"፣ ቢቆጣትም "ነገ"።

እናም በቡናው ወራት የቀበሌው ጥሩንባ ነፊ "ከመጪው እሑድ ጀምሮ እጅና እግር ያለው ሁሉ ለአምራቾች ማኅበር ቡና ለቀማ ይዘምታል፤ ስም ይጠራል!" እያለ ሲዞር፣ ሰዉ ስለ ራሱ መጨነቁን ትቶ "የኔነሽ ምን ልትሆን ነው?" አለ።

የኔነሽ ምንም አልሆነችም። እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ አስቀድሳ ስትመለስ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በሯ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ወሰዷትና ከአንድ ነጋዴ የተወረሰው የድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ዘጉባት። የቀበሌው እስር ቤት እርሱ ነበር። ቡናው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ የጀንፈሉ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም።

ሊቀመንበሩ ፈየራ ክፉ ሰው አልነበረም። ክርክር የሚወድ ሰው ነበር፤ ክርክር የሚወድ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ግን ከክፉ ሰው ለመለየት ያስቸግራል። ያደገው ሚሲዮኖች ዘንድ ስለሆነ የፓርቲ መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብቧል። በርጩማ አስመጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"እማማ የኔነሽ፣ ማሎ፣ እባክዎ ይንገሩኝ፤ መጽሐፉ ሥራ አትሥሩበት የሚለው ስንተኛውን ቀን ነው?"

"ሰባተኛውን።"

"ሰባተኛው ቀን መቼ ነው?"

የኔነሽ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። "ቅዳሜ" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ቅዳሜ የት ነው የሚውሉት?"

ቅዳሜ የከተማይቱ ገበያ ነው። የኔነሽ ከጅማው ሄርማታ ገበያ አምጥታ የምትቸረችረውን በርበሬና ጨው ዘርግታ የምትውለው፣ የሳምንት ቀለቧን የምታገኘውም ያን ቀን ነው። 

"ኤጋ፣ እንግዲያው በርበሬ ሲሸጡ ሰንበት ትዝ አይልዎትም፤ ለሰፊው ሕዝብ ቡና ልቀሙ ሲባሉ ግን እግዚአብሔር ትዝ አለዎት። ትእዛዙን እንደ ገበያ ሽንኩርት እየመረጡ ከሆነ እኛም እንምረጥልዎታ!"

ቢሰድባት፣ ቢመታት ይሻላት ነበር። ነገሩ እውነት ስለሆነ እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ። ይህ ልጅ፣ እግዚአብሔር የለም እያለ በየስብሰባው የሚጮኸው ልጅ፣ በራሷ መጽሐፍ ረታት። ተናደደች፣ ከንዴቷ ይልቅ ደግሞ አፈረች። በማግስቱ በሩ ሲከፈት አስጠራችው።

"ከእንግዲህ ቅዳሜም አልሸጥም" አለችው።

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

ፈየራ ሳቀ። "እሺ። ቅዳሜን ከተዉ እሑድን እተውልዎታለሁ። ቃል ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ካየሁዎት ግን ዘመቻውን ከፊት ሆነው ይመሩልናል።"

ብዙ አትቆይም ብሎ ነው። ከተማውም ያለው እንደዚያው ነው፤ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እያሉ አሽሟጠጧት። የኔነሽ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ ገበያተኛው በደጇ ሲተራመስ እየሰማች፣ ደንበኞቿን ሌላ ሲወስዳቸው እያወቀች። የነፍስ አባቷ መምሬ ጎሳዬ በዐውደ ምሕረት ላይ ስሟን ሳይጠሩ፣ ሁሉም በሚያውቀው አነጋገር፣ "ከመካከላችን አንዲት ሴት ሕጉን ሳትሸራርፍ ጠበቀች" ብለው አመሰገኗት። የሰበካው ሽማግሌዎችም፣ ለአንዷ ከተፈቀደ ለምእመናኑ ሁሉ ይፈቀድልን ብለው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሊገቡ ተመካከሩ። የኔነሽ ምስጋናውን አልጠላችውም። እንዲያውም ደስ አላት፤ ከቅዳሴ ስትወጣ ሰው ዘወር እያለ ሲያያት ቀና ብላ ትሄድ ጀመር።

ከአጥሯ ማዶ ሀጂራ አለች። ባሏን ጀማለዲንን ያለፈው ክረምት ለሚሊሺያ መልምለው ወደ ሰሜን ወሰዱት። የሄደ ለታ መኪናው እየጠበቀው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "እማማ፣ ሀጂራን አደራ። ቡናውንም" ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀጂራ ጓሮዋ ያለችውን ቡና ሆዷ እየገፋ፣ እያረፈች እየተነሳች ስትለቅም ከረመች፤ ወንዙ ዳር ያለው ሲቀራት ምጥ መጣና ረቡዕ ለታ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ቅዳሜ ማታ ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። "ሰኞ ጧት ኮሚቴ በየማሳው ይዞራል! ዛፍ ላይ ቡናው የቀረ ማሳ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለአምራቾች ማኅበር ይገባል!"

የኔነሽ ጥሩንባውን የሰማችው አራሷን ልትጠይቅ እዚያው ሀጂራ ቤት ተቀምጣ ሳለች ነው።  ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነገ እሑድ ነው፣ ከተማው በሙሉ ዘመቻ ይወጣል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይታሰራል። ለሀጂራ ሊለቅምላት የሚችል አንድም ሰው የለም። ከአንድ ሰው በቀር። ነገ በነፃነት ቤቱ እንዲውል የተፈቀደለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የተፈቀደለትም ሥራ ስለማይሠራ ነው።

ሀጂራ አልጠየቀቻትም። ብትጠይቃት እምቢ ማለት ይቀላት ነበር። ሀጂራ ያለችው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ይሁን እማማ፣ እኛ ደህና ነን። ጀማለዲን ሲመጣ ሌላ ይሰጡት ይሆናል" ነው። የተወሰደ ማሳ ተመልሶ አያውቅም፤ ሀጂራም ታውቃለች፣ የኔነሽም ታውቃለች።

ቤቷ ገብታ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ብትለቅም ፈየራ "አላልኩም?" ይላል። የሽማግሌዎቹ ልመና ይበላሻል፤ ሌላው ክርስቲያን በእርሷ የተነሳ እሑዱን ያጣል። መምሬ ጎሳዬ ያፍሩባታል። ባትለቅም ደግሞ ማንም አይወቅሳትም፤ እንዲያውም ያመሰግኗታል። በመጨረሻ ልቧን ያስቆረጣት ይኸው ምስጋና ነው። የጎረቤቷ ማሳ ሲወሰድ እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላ፣ ሰው "ጻድቅ" ሲላት ታያት፤ አስጠላት። "አደራ በልታ ሰንበት ያከበረች!" አለች ለራሷ ጮክ ብላ፣ ተነስታም ቅርጫቷን ፈልጋ በሩ ሥር አስቀመጠች።

እሑድ አስቀደሰች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። ወደ ወንዙ የሚያወርድ የጓሮ መንገድ ነበር፤ እርሷ ግን በዋናው መንገድ ሄደች። ተደብቄ የምሠራው ከሆነ ባልሠራው ይሻላል ብላ ነው።

የበርበሬ ነጋዴ ናትና ለቀማ አታውቅበትም። ቅርንጫፉን ጎንበስ ስታደርገው ያመልጣታል፣ ፍሬውን ከነቅጠሉ ትገነጥላለች፣ ጉንዳን እጅጌዋ ውስጥ ይገባል። ቀዩን ለቀመች፣ ደርቆ የጠቆረውን ለቀመች፣ የረገፈውን ተንበርክካ አነሳች። ቀትር ላይ ሀጂራ ከላይ ከቤቷ በር ሆና ቁልቁል አየቻትና እያለቀሰች ተጣራች።

"እማማ፣ ወላሂ ይተዉት! በእኔ የተነሳ ሰንበትዎ . . ."

"ዝም በይና ልጅሽን አጥቢ!" አለች የኔነሽ ዞር ሳትል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፎቹ ባዶ ሆኑ። የመጨረሻውን ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ወደ ሀጂራ ደጅ ስትወጣ ዘማቹ ሕዝብ እየዘፈነ ተመለሰ፤ ከፊቱ ፈየራ ነበር። ሲያያት ቆመ፣ ከኋላው ያለውም ሁሉ ቆመ፣ ዘፈኑም ተቋረጠ።

"እማማ የኔነሽ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"እሑድ።"

"ሰንበት አይደለም?"

"ሰንበት ነው።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

"ቡና ነው። አይታይህም?"

ከሕዝቡ መሐል ሳቅ አፈተለከና ወዲያው ታፈነ። ፈየራ አልተቆጣም፤ ፊቱ በራ። የናፈቀው ክርክር በእግሩ መጣለት።

"ኤጋ፣ ለሀጂራ ሲሆን ተፈቀደ፣ ለሕዝብ ሲሆን ግን ኃጢአት ነው! አላልኩም? እየመረጡ ነው ብዬ አልነበረም?"

የኔነሽ ጆንያውን አወረደች። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

"ብለሃል፣ ልክ ነህ። መርጫለሁ። ግን የሚቀለኝን አልመረጥኩም፤ የሚቀለኝማ ቤቴን ዘግቼ መቀመጥ ነበር። በሬ ገደል ሲገባ በሰንበትም ይወጣል፤ ይህንንም አንብበሃል መቼም። የሰው ገደል ሲሆንማ ምን ይጠየቃል? የአንተ ቡና ገደል አልገባም ልጄ፣ ሰኞም ይለቀማል። ገደል የገባ ለታ ጥራኝ፣ እሑድም ቢሆን እመጣለሁ።"

"በመጪው እሑድ ከእኛ ጋር ይወጣሉ። ውላችን ፈርሷል።"

"አልወጣም።"

"ይታሰራሉ!"

"መጋዘኑን አውቀዋለሁ።"

ሰኞ ጧት ኮሚቴው መጣ። ፈየራ ራሱ እየዞረ ቅርንጫፉን ሁሉ ቀና ብሎ አየ። አንድ ፍሬ አጣ። ወደሚቀጥለው ማሳ አለፈ።

መምሬ ጎሳዬ ያስጠሯት ማክሰኞ ነው። አልተቆጧትም፤ አዝነው ነበር፣ ይህ ደግሞ የባሰ ከበዳት።

"ልጄ፣ የሽማግሌዎቹ ነገር ቀረ። ሊቀመንበሩ 'ሴትዮዋም ስትለቅም ውላለች' ብሎ መለሳቸው። ስንት ሰው ነው በአንቺ የተማመነው!"

"አውቃለሁ፣ አባቴ። ይፍቱኝ።"

"አንድ መላ አለ። እሑድ በምእመናኑ ፊት 'ተሳስቻለሁ፣ አላወቅኩም' በይ። ስህተት ነበር ብለን ደግመን እንለምነዋለን።"

የኔነሽ መሬት መሬት አየች። ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

"ሰንበት ሽሬያለሁ፤ ስገጂ ካሉኝ እሰግዳለሁ፣ ጹሚ ካሉኝ እጾማለሁ። ተሳስቻለሁ ግን አልልም። አውቄ ነው።"

"የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይመረጥም፣ ልጄ! ሁሉም ትእዛዝ ነው!"

"እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፣ አባቴ። ሁሉም ትእዛዝ ከሆነ፣ ባልንጀራህን ውደድ የሚለው በየትኛው ቀን ነው የሚያርፈው?"

መምሬ ጎሳዬ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ።  ስግደቱን ሰጧት፤ ብዙ ነበር። አንድም ሳታጓድል ሰገደች፣ ጉልበቷ አብጦ እያነከሰች ሰነበተች።

እሑድ ደረሰ። አስቀድሳ ወጣች፣ ቤቷ ጎራ ብላ ጋቢዋን አነሳችና ማንም ሳይጠራት ወደ መጋዘኑ ሄደች። ዘበኛው ኑሪ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"እማማ፣ ሊቀመንበሩ ገና አላዘዙም እኮ።"

"ሲያዝ ከምትደክም ብዬ ነው። ክፈት።"

ኑሪ ግራ ገብቶት ከፈተላት። ገባች፣ ጋቢዋን ለበሰች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ከሩቅ የዘማቹ ዘፈን ይሰማል። ብቻዋን መሆኗ አሁን ነው የተሰማት። ፈየራ ዘንድ ውሏን ያፈረሰች ናት፣ ደብሯ ዘንድ ሰንበት የሻረች ናት፤ ቀና ብላ የምትሄድበት ቦታ የለም። ጉልበቷ ይጠዘጥዛል። ልታለቅስ ዳድቷት ነበር፣ ነገር ግን አልቆጫትም። ልቧን ፈትሻ ጸጸት አጣችበት።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንቀጫቀጨ። የገባችው ሀጂራ ናት፤ ሕፃኗን በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ በሌላ እጇ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች። ከመንገዱ የተነሳ ከንፈሯ ነጥቷል።

የኔነሽ ደነገጠች። "አንቺ! አራስ አይደለሽም እንዴ? አርባ ቀንሽ የት ሞልቶ ነው ከቤት የምትወጪው? ብርድ ይምታሽ?"

ሀጂራ ቁጭ ብላ ቋጠሮውን ፈታች። እንጀራና ሽሮ ነው።

"የገና ጾም ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ። ቅቤ የለውም። ድስቱም አዲስ ነው እማማ፤ ትናንት ከገበያ አስገዝቼ ነው፣ የእኛ ሥጋ አልነካውም። ወላሂ፣ ያለ ሐሳብ ይብሉ።"

የኔነሽ ሳህኑን አየች፣ ሀጂራን አየች። 

"የሰፈሩ ሴቶች ምን ይሉሻል? አራስ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደጅ ወጣች ይባላል?"

"እስከ ዛሬ አይባልም ነበር" አለች ሀጂራ። "እርስዎስ እሑድ አይሠሩም አልነበር?"

የኔነሽ እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ተቀበለቻትና በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው እንጀራውን ቆረሰች። ኑሪ በሩን ሊዘጋ ብቅ አለ፤ አያቸውና ክፍት ትቶት ተመለሰ።