የእትዬ ዜና ወረቀት

«ስንት ካሬ ይሆናል?» ሲል ሐዘንተኛው ሰማው።

ጠያቂው ከመስኮቱ ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች ባንዱ ላይ የተቀመጠ፣ ከማዶው ብሎክ የመጣ ደላላ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የጠየቀው፤ ግን በለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል። አጠገቡ ያለው የጥርስ ሐኪም አፍሮ ቡናውን ፉት አለ። ደላላው ግን ዓይኑን ከጣሪያው እስከ ወለሉ አንከባለለና አንገቱን አስግጎ በረንዳውን አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ልኩን አግኝቶታል ማለት ነው።

የቤቱ እመቤት የተቀበረችው ትናንት ነበር።

ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የሊፍት መካኒክ፣ አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ሚስቱ ብትኖር ኖሮ ይህንን ሲነግራት ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እሷም ደላላ ነበረች፤ «ለቅሶ ቤት የገባ ደላላ አፉን ለቡና ብቻ ይክፈት» ትል ነበር።

ሰፈሩ እትዬ ዜና ይላታል፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ አንዲት ወረቀት ታወጣለች። ከላይ የሚሸጥ፣ ከሥሩ የሚከራይ፣ ቀጥሎ የሰፈር ወሬ። ማን ወለደች፣ የማን ድመት ጠፋች፣ ውኃ የሚቋረጠው መቼ ነው። እሷ ትጽፋለች፤ እሱ በየበሩ ሥር እያሾለከ ያድላል። እሱ ከሊፍት ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ ይህ የሥራ ክፍፍል ለሁለቱም ተመቻቸው።

ወረቀቷን ያስወደዳት የቤቱን ነውር መጻፏ ነው። «ሁለት መኝታ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ እስከ ቀትር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። የላይኛው ጎረቤት ጊታር ይለማመዳል፤ ገና አልቻለም።» አከራዮች ይኮርፏት ነበር። አንዷ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መጥታ፣ ቤቴን ልታከራዪልኝ ነው ወይስ ልታሚው ብላ ደንፍታባታለች። እትዬ ዜና ወንበር ስባላት፣ «ነውሩን አውቆ የገባ አይወጣም» አለቻት። ያ ተከራይ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። በጊታር ተለማማጁ ጎረቤት ሠርግ ላይ ያጨበጨበውም እሱ ነው።

በዚያው ቀን እንግዳ ሲሳሳ፣ ከሌላ ከተማ የመጣችው ፋርማሲስት ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች። ብቻህን እዚህ ምን ታደርጋለህ አለችው፤ እኔ ዘንድ ክፍል አለ፣ የልጅ ልጆችህ አሉ፣ ቤቱን ደግሞ ያ ደላላ ገዥ አለኝ ብሎኛል። አባቷ የስኒውን ጆሮ ሲያሻሽ ቆየ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችው። እውነቱን ለመናገር እሱም እሺ ሊል ተቃርቦ ነበር። ድምፅ የነበራት ሚስቱ ናት፤ ያለ እሷ ይህ ቤት ገመዱ እንደተበጠሰ ሊፍት መስሎ ታየው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ከሚስቱ ጋር የተገናኙበትን የመጀመሪያውን ቀን አሰበ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ክፍል ሊከራይ ሄዶ ደረጃው ላይ አገኛት። ቁልፉን በእጇ እንደያዘች፣ ይሄን ቤት አትከራየው አለችው፤ የመኝታው ግድግዳ ከሊፍቱ ጋር ስለተያያዘ ሲያጓራ ያድራል። እሱ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አዳመጠና የሊፍቱ መዘውር ኩሽኔታ አልቆ ነው አላት። በነጋታው ቀየረው። ቤቱን ግን አልተከራየም፤ ሌላ አሳዪኝ አለ። በየሳምንቱ አንድ እያለች አሥራ አንድ ቤት አሳየችው። አሥራ አንደኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይሄኛው ደግሞ ምን ጎደለው?»

ዙሪያውን ብዙ አየና፣ «ሰው» አላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ደረጃውን ወጣች። በሩ ክፍት ነው፤ ሰው ከሳሎን ተርፎ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ቅር አላት። በር ላይ ወደ ቆመችው ፋርማሲስት ጠጋ ብላ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቤቱን ሊያይ የመጣ ነው ወይ፣ ተራ ልያዝ ወይ ብላ ጠየቀች።

የጥርስ ሐኪሙ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጅቱ ቀስ ብላ ነገሩን ስታስረዳት የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። መምህርት ናት። እትዬ ዜና ገና ከመታመሟ በፊት ለዛሬ ቀጥራት ነበር፤ ከኋላው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ልታሳያት። የምትኖርበትን ቤት አከራይዋ ለልጁ ፈልጎታል፤ በወሩ መጨረሻ መውጣት አለባት። ይህንን ሁሉ የተናገረችው ግን ወደ ኋላ እየሄደችና ይቅርታ እየደጋገመች ነው።

ባልየው ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን ከግድግዳው ሚስማር ላይ የቁልፎቹን ዘለላ አወረደ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ቤት ላሳይ።»

«ዛሬ?»

«ቀጠሮው ዛሬ ነዋ።»

የኋላውን ብሎክ ባዶ ቤት ከፍተው ገቡ። እሷ የሰው ሐዘን መሃል የገባች እየመሰላት ተሸማቀቀች፤ እሱ ቤት አሳይቶ አያውቅም። ኋላ ግን ከቁልፉ ጋር በክር የታሰረች ቁራጭ ካርቶን አየ፤ የሚስቱ እጅ ጽሑፍ ናት። መነጽሩን አደረገና አነበበላት።

«ፀሐይ ጠዋት፣ በትልቁ ክፍል። የመታጠቢያው በር አይገጥምም። ከታች ያሉት ባልና ሚስት ሦስት ልጅ አሳድገዋል፤ ሕፃን ቢያለቅስ አይከፋቸውም። ለመምህርቷ ይሆናል።»

የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር፤ እዚያ፣ ወንበር እንኳ በሌለበት ቤት፣ ከማያውቃት ሴት ፊት ቆሞ አለቀሰ። መምህርቷ አላባበለችውም። የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

ሲወጣለት ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ፤ ጡረታ ቢወጣም ከኪሱ አይለይም። የመታጠቢያውን በር ማጠፊያ አጠበቀና ከፍቶ ዘጋው። ገጠመ።

«እንግዲህ ነውር የለውም ማለት ነው» አለች መምህርቷ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ፎቁ ከፍ ይላል፤ ለአንቺ ደረጃው ይከብድሻል፤ ግን ሊፍት አለ።»

«ቢበላሽስ፣ አባባ?»

«እኔ አለሁ።»

ካለ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። ቁልፉን ሲዘጋም፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም፣ ቃሉ አብሮት ሄደ።

ሲመለስ ደላላው ልጁን ጥግ ይዟት ስለ ገዥው እያወራት ነበር። ባልየው አጠገባቸው ቆመ። «ቤቱ አይሸጥም» አለው፤ ድምፁ የቁጣ አልነበረም። «ቡና ይጨምሩልህ።» ደላላው ስኒውን አቀረበ። ልጅቱ አባቷን ብዙ አየችው። ከእናቷ ሞት ወዲህ አራት ዓረፍተ ነገር በአንድ ጠዋት ሲናገር የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ስለ ቤቱ ዳግመኛ አላነሣችበትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተከራዩት ወንበሮች ተመለሱ። አባትና ልጅ የሚስትየው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። የአራተኛ ፎቁ ቤት መያዙን፣ የጥበቃ ሠራተኛዋ መንታ መገላገሏን፣ ሰኞ ውኃ እንደማይኖር። ልጅቱ እጇን አቆመች።

«እማዬን የት ላስገባት?»

አሰበ። «ከመንታዎቹ ቀጥሎ» አላት። «እናትሽ ልደትን ነው የምታስቀድመው።»

አንድ መስመር ጻፉ። ለዚያች መስመር የፈጀው ጊዜ ከቀረው ወረቀት ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ልጅቱ ወደ ገጹ ግርጌ ወረደች፤ እዚያ ለዓመታት ያልተለወጠ ስልክ ቁጥር አለ።

«ይሄ የሷ ነው። ያንተን ልተካበት?»

«ተይው።»

ተነሥቶ የሚስቱን ቦርሳ ከመሳቢያ አወጣ። ስልኩ ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ባትሪው አልቆ እንደተዘጋ ነው። የቻርጀሩን ገመድ ፈትቶ ሶኬቱ ላይ ሰካውና፣ የስልኩ መብራት እስኪበራ ድረስ በመዳፉ ይዞት ቆመ።