ዱካ አጥፊዎች

የመሳቢያው እጀታ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ እጀታውን አልጋው ላይ ወረወረችና መሳቢያውን በጥፍሯ ስባ ከፈተችው። ይሄም ባዶ ነው። ሳሎን ያሉት ለቀስተኞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሱን ፎቶግራፍ። በሠርጓ ቀን እንኳ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲደግን አባቷ ውሃ ልጠጣ ብሎ እብስ አለ። በፎቶው ላይ ከእናቷ አጠገብ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ይታያል። ያኔ ተሳስቀው አለፉት። አሁን ግን ዓይኗን ስትጨፍን የአባቷ ፊት እየደበዘዘባት ነው። ትናንት አገጩ ጠፋት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አፍንጫው፤ እንዲህ ከቀጠለ ምን እንደሚቀራት አታውቅም። ልብሶቹም የሉም። ሕመሙ የጠናበት ሰሞን ኮቱንም፣ መነጽሩንም፣ ምላጩንም ለማን እንደሰጠ ያየ የለም።

ሳሎን ስትመለስ እናቷ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

«አባትሽ የሄደ አይመስለኝም።»

«ተይ እንጂ፣ እማዬ።»

«በቁሙ እያለም ኮቴው አይሰማም ነበር። ዘወር ስል ኋላዬ ቆሞ አገኘዋለሁ። ታዲያ አሁን መሄዱን በምን ልወቅ?»

ልጅቷን ዘወር ብላ ማየት አማራት፤ ፈራችና ተወችው።

አባቷ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ሌላውን ትምህርት እያዛጋ ያስተምራል፤ የሽምቅ ውጊያ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የግዙፍ መንግሥት ጦር ጫካ ውስጥ ገብቶ እንዲቀር ያደረጉ ባላገሮችን፣ ቀን እያረሱ ማታ እየተኮሱ ታላቅ ንጉሠ ነገሥትን እንቅልፍ የነሱ ገበሬዎችን፣ በረሃ ላይ የባቡር ሐዲድ አፈንድተው አሸዋ የዋጣቸውን፣ ከመንደራቸው ሥር ጉድጓድ ምሰው የኖሩትን ሁሉ የሚያውቃቸው ይመስል ለተማሪዎቹ ይተርካል። መምታትማ ቀላል ነው፣ ከባዱ ከዚያ በኋላ እዚያ እንዳልነበሩ መሆን ነው ይላል። ተማሪዎቹ እርስዎስ የት ተዋጉ ሲሉት ከጠመኔ ጋር ብሎ ያስቃቸዋል። ለልጁም ከዚህ የተሻለ አልነገራትም።

ከሰዓት በኋላ ሻይ የምታዞረው ጎረቤታቸው ከጓዳ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። እነዚያ ሰዎች መቼ ገቡ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ሄዳ አየች። የግቢው በር አልተንኳኳም፣ ውሻውም አልጮኸም፤ ጓዳው ግን በሽማግሌዎች ተሞልቷል። ሁሉም ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው በሩን ያያሉ። ሻይ ሲቀበሉ ብርጭቆ ከማንኪያ አልተጋጨም።

«የኮቴ ልጅ ነሽ?» አላት አንድ ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ።

«የአባቴ ስም እንደዚያ አይደለም።»

«እኛ ዘንድ ነው። ኮቴ ስላልነበረው ኮቴ አልነው።»

የቀሩት ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ ያለ ምንም ድምፅ ሳቁ። ልጅቷ እነዚህ ከሌላቸው ማንም አይኖረውም ብላ የአባቷን ፎቶ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ክፉ ነገር እንደተናገረች ሁሉ ደነገጠ። አንድ ሥዕል ጠላት እጅ ከገባ አንድ ሰፈር ያልቃል አላት።

«ፊቱን ልረሳው ነው፣ አባባ።»

«እኛም እንድንረሳሳ ነው የተማርነው፣ የኔ ልጅ።»

ሲወጡ ተከተለቻቸው። አንዱ በረገጠበት ሌላው እየረገጠ በጓሮ በኩል ተሰለፉ፤ ያን ያህል ሰው ሆነው፣ ዱካቸውን ያየ አንድ ሰው ነው ያለፈው ይላል። የመጨረሻው ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ መሬቱን ይጠርጋል። ባለ አንድ ዓይኑ በኩራት አስረዳት። ጓድ ሲሞት የሚከተለው እንዳይኖር ዱካውን ያጠፉለታል። ጠዋት የፊቱን ግቢ ጨርሰዋል፤ የቀረው ጓሮው ነው። ለሟች ከዚህ የበለጠ ክብር አያውቁም።

ቧንቧው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። የደረቀው ጭቃ ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ ትንሿ ጣት የለችም። አባቷ ያቺን ጣት የት እንደጣላት ሳይናገር ነው የሞተው። ለመጨረሻ ጊዜ ከአልጋው የተነሣው ዝናብ በጣለ ማግስት ነበር፤ ፊቴን በራሴ ካልታጠብኩ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ወጣ። ዱካውን ለማጥፋት ጎንበስ የሚልበት ጉልበት አልነበረውም ማለት ነው። እንባዋ አሁን መጣ።

ቅርንጫፉ እየተጠጋ ነው።

«ይቺን ተዉልኝ» አለች።

«እሱ አይወድም ነበር» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

ከቧንቧው ሥር የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አንሥታ ውሃውን ራቅ አድርጋ ደፋችው። ከዚያ ተንበረከከችና፣ ጠርዙ ጣቶቹን እንዳይነካቸው እየተጠነቀቀች፣ ሳፋውን ገልብጣ ዱካው ላይ ከደነችው።