የባዶ ሽጉጥ ልምምድ

የጣቢያው ፖሊሶች ምስማር ይሉታል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ካልመቱት ድምፅ የማያሰማ ስለሆነ ነው።

የዓመቱ የተኩስ ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው፣ አሰልጣኛቸው ኢንስፔክተር ሁሉንም አዳራሽ ውስጥ አሰልፎ መርዶውን ነገራቸው። ጥይት የለም። ለአንድ ሰው አሥር ፍሬ ብቻ ተፈቅዷል፣ እሱም ለፈተናው ቀን ነው። ከአሥሩ ሰባቱን የዒላማው ክብ ውስጥ ያላስገባ ሽጉጡን አስረክቦ፣ በመኪና ቀኑን ሙሉ ወደሚያስኬድ ሩቅ መጋዘን ለጥበቃ ይዛወራል።

«ታዲያ በምን እንለማመድ?» አለ ደላላው። ደላላ የሚል ስም ያወጡለት አፉ ስለማያርፍ ነው።

«በባዶ።»

«በባዶ ሆድ ነው በባዶ ሽጉጥ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ምስማር ግን አልሳቀም። «ይዛወራል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር የሰማው።

ምክንያቱም አባቱ አሉ። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት አባቱ ሁለት እግራቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ ምስማር አባቱን አዝሎ ሰባ ሁለት ደረጃ ይወርድና ሕክምና ያደርሳቸዋል። ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልቧ ደፋር ቢሆንም ወገቧ አባቷን አይችልም። አንድ ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አባትና ልጅ ተያይዘው ተቀምጠው ጎረቤት ነው ያነሳቸው። እሱ ከሄደ ሽማግሌው ከዚያ ክፍል አይወጡም፤ ሕክምናው ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል።

ልምምዱ ተጀመረ። እውነተኛ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ራሱ ቀለሁን፣ ባዶውን የጥይት ቅርፊት፣ አውጥቶ ይጥልና ሌላ ጥይት ያቀባብላል። ባዶው ግን ምላጩ ተስቦ አንዴ «ቀጭ» ካለ በኋላ ዝም ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀጭታ በኋላ የላይኛውን ብረት በግራ እጅ ስቦ መልቀቅ ግድ ይላል። ኢንስፔክተሩ እያጨበጨበ ይመራቸዋል፦

«ምላጭ! አቀባብል! ምላጭ! አቀባብል!»

ምስማር በዚህ ብቻ አልረካም። ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አይቶ፣ እህቱ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ያደረገችለትን ነጥብ ያነጣጥራል። ቀጭ፣ ሳብ። ቀጭ፣ ሳብ። ሁለት መቶ ጊዜ።

«አንተ ልጅ፣» ይላሉ አባቱ ከአልጋቸው ላይ፣ «ይህ ግድግዳ ምን በደለህ? ሞቷል እኮ፤ ተወው!»

«ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አባባ።»

«ጎረቤቶቹ ስቴፕለር ገዝተው የማያርፉ ሰዎች ነው የሚሉን!»

እህቱ ዓይኗን ከመርፌዋ ላይ ሳታነሳ ትስቃለች። እሱም ፈገግ ይልና እንደገና ቀጭ፣ ሳብ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አፈር የተቆለለበት ሜዳ ነው። ተፈታኞቹ በተራ ይገባሉ፤ ምስማር አምስተኛ ነው። ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ታቅፎ ደንቡን አነበበ። «መሬት የወደቀ ጥይት እንደተተኮሰ ይቆጠራል። ከተኩስ መስመሩ አልፎ የሚያነሳ አይኖርም።»

መጀመሪያ የገባችው የመዝገብ ቤቷ ሳጅን ናት። አነጣጠረች፣ ተኮሰች። ወዲያው ግራ እጇ ብድግ አለና የሽጉጡን ብረት ሳበው። ያልተተኮሰ፣ የሚያብረቀርቅ ጥይት ዘሎ አፈሩ ላይ ወደቀ። ደግማ ተኮሰች፤ እጇም ደግሞ ሳበ። ሌላ ጥይት ወደቀ።

«እትዬ፣ ዘር እየዘራሽ ነው?» አለ ደላላው።

ሰዎቹ ሳቁ። ምስማር ግን ወደ ገዛ ግራ እጁ ተመለከተ። እሷ እኮ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው የተለማመደችው። እሱ ስልሳ ማታ፣ በየማታው ሁለት መቶ። ይህ እጅ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው ሰው ሦስት ጥይት ጣለና ፈተናውን ወደቀ። ሦስተኛው ደላላው ነበር፤ እሱ ልምምዱን በወሬ ስላሳለፈው እጁ ምንም አልለመደም። አሥሩንም ተኩሶ ስምንት አስገባ። ሲወጣ እንኳ አልቀለደም፤ የምስማርን ፊት አይቶ ትከሻውን ብቻ ያዝ አደረገው። «እጅህን እንዳትሰማው፣ ወንድሜ።»

አራተኛው ሲተኩስ ምስማር ሱሪው ላይ ግራ እጁን እየጫነ «አትሳብ፣ አትሳብ» ይላል። ተራው ደረሰ።

የመጀመሪያዋ ጥይት ክቡ መሐል ገባች። እጁም ሳበ። እየሳበ መሆኑን ያወቀው ጥይቷ ጫማው ላይ ስታርፍ ነው። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «አትሳብ» አለና ሁለተኛዋን ተኮሰ፤ ገባች። እጁም ሳበ።

ስድስት ቀረው። አምስቱ መግባት አለባቸው።

ቆመ። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ኋላው ወስዶ ቀበቶው ውስጥ ሸጎጠውና በአንድ እጁ አነጣጠረ።

«ሁለት እጅ!» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ደንቡ... ደንቡ ላይ ሁለት እጅ አይልም፣ ኢንስፔክተር።» በሕይወቱ ለአለቃ የመለሰው የመጀመሪያው መልስ ነበር። ድምፁ እንደ ክር ቀጥኗል።

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ገልጦ አየና በእጁ እንዲቀጥል አመለከተው።

አንድ ገባች። ሁለት ገባች። ሦስተኛዋ ከክቡ ውጪ ሄደች። ከቀበቶው ሥር ያለው እጅ በእያንዳንዷ ተኩስ ይፈራገጣል፤ እንደታሰረ ዶሮ። አራተኛዋ ገባች። አምስተኛዋም። የመጨረሻዋን ከመተኮሱ በፊት ትንፋሹ እስኪረጋ ጠበቀ፤ አልረጋም፤ ተኮሰ። ክቡ ጠርዝ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ተከፈተች።

ሰባት።

ኢንስፔክተሩ ወደ እሱ መጥቶ፣ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው። «ነገ መናኸሪያ ነው የምትመደበው። ሕዝብ መሐል። አንድ ነገር ቢፈጠር ይህን እጅህን ታምነዋለህ?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ሰባ ሁለቱ ደረጃዎች በዓይኑ ላይ አለፉ። አባቱ አንገቱን አቅፈው ሲተነፍሱ ጆሮው ላይ የሚሰማው ሙቀት ተሰማው። ከዚያ ደግሞ መናኸሪያው ታየው፤ ሻንጣ ጎታቹ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ እጁም እየሳበ ጥይቱን መሬት ሲያፈስ።

«አላምነውም፣ ኢንስፔክተር» አለ።

ኢንስፔክተሩ ከስሙ ጎን ሰባት ብሎ ጻፈ። መስመሩ ጋ ሄዶ ጎንበስ አለና ከተፈታኞቹ እጅ የወደቁትን ጥይቶች አንድ በአንድ ለቀመ። መዳፉ ሞላ።

«እያጨበጨብኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣» አለ ቀና ሳይል። «ሰልፉን በትኜ ፈተናውን የወደቁትንም እጠራለሁ፤ እንደገና ይፈተናሉ። አንተ ምድብህ ሦስት ቀን ይቆይ። እነዚህ በመዝገቡ ተተኩሰዋል፤ ስለዚህ የማንም አይደሉም፤ እንለማመድባቸዋለን።»

አንዲት ጥይት የሽጉጡ ካዝና ውስጥ፣ ከሥሯም እጁ ከሳበ የምትወድቅ ሌላ አደረገለት።

«በሁለት እጅህ ያዝ። ቀስ ብለህ ተኩስ። ከዚያ ምንም አታድርግ።»

ምስማር አነጣጠረ። ተኮሰ።

ግራ እጁ ተነሳ። የብረቱን ጫፍ ነካ። ሳይስብ እዚያው ቆመ።

«አውርደው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቀስ ብለህ። አይዞህ ልጄ፣ አውርደው።»