በቃ የሚለው ሰው

«አታልቅሺ፣ ለልጁ ጥሩ አይደለም» የሚሏት ለቀስተኞች ራሳቸው እያለቀሱ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ሳያት ከባድ ሆዷን ይዛ፣ ታቦር ሰፈር በቤታቸው ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከእናቷ ከአባይነሽ አጠገብ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተቀምጣለች። አባቷ ዶክተር አልአዛር የተቀበረው ትናንት ነው።

ሲስተር ጸሐይወርቅ ከአዳር ተረኛነቷ ወጥታ በቀጥታ መጣች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከዶክተሩ ጋር በአንድ ማዋለጃ ክፍል ነው ያረጁት። ልታጽናናት ጎንበስ ስትል ሳያት አንሾካሾከችላት።

«እትዬ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ለእማዬ እንዳይነግሯት።»

ጸሐይወርቅ ደነገጠች፤ ፊቷ ግን አላሳበቀም። ትንሽ ትረፍ ብላ ወደ መኝታ ቤት ይዛት ገባች። እናት ግን እናት ናት፤ አባይነሽም ተከተለቻቸው።

ሳያት ስትጋደም ጸሐይወርቅ ትንሽ ጡሩንባ የምትመስለውን ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

ከዶክተሩ ጋር ሲሠሩ እሷ በዚህች ማዳመጫ የፅንሱን ልብ እያዳመጠች ምቱን በጣቷ የአልጋው ጠርዝ ላይ ትመታለች፤ እሱ ሰዓቱን እያየ ይቆጥራል። ደቂቃው ሲሞላ «በቃ» ይላል። ዘመናዊው መሣሪያ ከመጣ በኋላም አልተዉትም፤ «እናቲቱ ጣትሽን እያየች ትረጋጋለች» ይላት ነበር። ከዚያ ክርክር ነው። እሷ «በራሷ ትወልዳለች፣ እንታገሥ» ስትል እሱ ለኦፕራሲዮን ይቸኩላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ እሷ ስትቸኩል እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን እንደረታ ይረሱታል። አባይነሽም «ቀን አንቺ ትጨቀጭቂዋለሽ፣ ማታ እኔ» እያለች ትስቅ ነበር።

ጸሐይወርቅ ጆሮዋን አስጠጋች። ከድንኳኑ መዝሙር ይሰማል። ማዳመጫውን ወደ ሌላ ቦታ አዞረች። ሳያት ትንፋሿን ይዛ የጸሐይወርቅን ጣት ታያለች።

ጣቷ የአልጋውን ጠርዝ መታ። ደገመ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ መታ።

«አለ?» አለች ሳያት።

«አለ። ልቡ ደህና ነው። ግን አሁኑኑ ሆስፒታል ሄደን በደንብ እንታያለን» አለች ጸሐይወርቅ።

ጣቷ ግን አላቆመም። ደቂቃው አልፏል፤ እሷ አንድ ድምፅ እየጠበቀች ነው። እንባዋ በሳያት ሆድ ላይ ይወርዳል።

አባይነሽ ገባት። ከራስጌው ጠረጴዛ የባሏን ሰዓት አንስታ አየችው።

«በቃ፣ ጸሐይዬ» አለችና ሰዓቱን በዚያው በሚመታው እጇ ላይ አሰረችላት።