የመጀመሪያው አፈር

በፈረንጆች 1943፣ ሐምሌ 14 ቀን፣ ረቡዕ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሌሲ ሞተች። ባሏ ፒታኬ አጠገቧ አልነበረም። ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ዛፍ ላይ ወጥቶ ታች ባሕሩ ዳር የተጠጉትን ሦስት የጃፓን የጦር መርከቦች እያየ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ገብተው፣ ከላይ እንዳይታዩ ቅርንጫፍ ለብሰው ተኝተዋል። ሲመሽ እንደሚሄዱ ያውቃል፤ ልማዳቸው ነው።

ወሬውን ይዞ የመጣው የሌሲ ታናሽ ወንድም ዞሮቫ ነው። ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ።

«ና ውረድ፣ አማቼ። አለቀ።»

ፒታኬ ወረደ። እግሩ ላይ ያለው ቁስል እስከ አጥንቱ ስለ በላው በእጁ እየተንጠለጠለ ነበር የወረደው። ዛፉን ተደግፎ ቆመ። ትናንት ማታ ሌሲ ትኩሳቱ ጋብ ሲልላት፣ «ዛሬስ ጣውንቶቼን አየሃቸው?» ብላው ነበር። መርከቦቹን ነው። ከዓመት በላይ ሲቀልዱበት ኖረዋል።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አለ።

«ውኃ አለች። ሌላ ምን ትበል?» ዞሮቫ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ሴቶቹ ጨርቅ ጎርሰው ነው የሚያለቅሱት። እነዚያ እንዳይሰሙ። እንደ ሌባ!»

«ዞሮቫ፣ ወደ ሬዲዮው ትሄዳለህ። መርከቦቹ ሳይሄዱ አውሮፕላኖቹ መድረስ አለባቸው።»

ዞሮቫ የሰማውን አላመነም። «ማን? እኔ?»

«ኪቶ ትናንት መልእክት ይዞ እንደ ሄደ አልተመለሰም። የሬዲዮው ጠባቂዎች የማያውቁትን ሰው በጦር ነው የሚቀበሉት። የሚያውቁት ኪቶን፣ አንተንና እኔን ነው። እኔን ደግሞ እየው።» ወደ እግሩ አመለከተ።

«እህቴ ሳትቀበር?»

ይኼን ሲል ሁለቱም ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በደሴታቸው በላውሩ ሴት ስትቀበር የመጀመሪያውን አፈር የሚያለብሳት የእናቷ ልጅ ነው። ባል እጁን ካስቀደመ፣ ገድሎ የቀበራት ያህል ነው። ሌሎቹ ወንድሞቿ ያሉት ከመርከቦቹ ማዶ ባለችው ደሴት ነው፤ በዚህ ዳር ከዞሮቫ በቀር የእናት ልጅ የላትም። የጃፓን ጠላቶች የተከሉት ሬዲዮ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ነው፤ ሄዶ ዛሬ መመለስ የለም።

«ከመርከብ ጋር ነው እንዴ የተጋባኸው?» አለ ዞሮቫ። «ያ ቁስል ባይኖርብህ በእርግጫ ነበር የምልህ!»

«ስትመለስ ትመታኛለህ። አሁን ስማኝ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ፣ አንዱ ወታደር የጫነ። ወንዙ አፍ ላይ፣ ከነጩ ድንጋይ ወዲህ። በል ድገምልኝ።»

ዞሮቫ አፈጠጠበት። ከዚያ ምራቁን ተፋና፣ «ሁለቱ ባለ ሁለት፣ አንዱ ወታደር የጫነ» አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሌሲን በምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ጉድጓዱ አወረዷት። ሙቀቱ የሚያሳድር አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እግዜር ያያል፤ አልብሳት» አሉት። ፒታኬ እንቢ አለ። ሬሳዋን በኮኮናት ቅጠል ሸፍኖ፣ በላዩ ግንድ አስተኝቶ፣ ውሻ እንዳይደርስባት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ዝንቡን በቅጠል ያባርራል። ሽታው ሲመጣ ሌሎቹ ራቅ አሉ፤ እሱ አልተነሣም።

ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል አውሮፕላኖቹ መጡ። መሬቱ ተንቀጠቀጠና ከጉድጓዱ ጠርዝ አፈር ተንዶ ቅጠሉ ላይ ወደቀ። ፒታኬ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ እየዘገነ፣ አንድም ሳያስቀር አወጣው።

ዞሮቫ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ማንንም ሰላም አላለም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቅጠሉን ገለጠ፤ ምንጣፉ ላይ አፈር አለበሳት፤ ወጣ። ፒታኬ እንዲመታው አጠገቡ ሄዶ ቆመ። ዞሮቫ አልመታውም፤ አካፋውን አቀበለው።

ከሦስቱ መርከቦች ሁለቱ እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ተቃጠሉ፤ ወታደር የጫነው አመለጠ። ዞሮቫ ወደ ሬዲዮው መልእክት ማድረሱን ቀጠለ፤ ከፒታኬ ቤት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ እህል አልቀመሰም።