ስሙን ያልጠራንለት ዕጩ

«እማማ፣ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ» አላት የምርጫው ሹም ለሦስተኛ ጊዜ።

«የልጄ ባል ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ የልጅዎ ባል ማን ይባላል?»

እናቴ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። አውስትራሊያዊው ሹም እርጅና መስሎት አዘነላት። «ጥላው ሥር አረፍ ይበሉና፣ ትዝ ሲልዎት ይመለሱ» ብሎ ደግፎ አስቀመጣት። ትዝ ሲልዎት ይላል። እናቴ ከሃያ ዓመት በፊት የታረዱ ዓሳማዎቿን ስም እንኳ አልረሳችም።

በእኛ ደሴት የአማች ስም አይጠራም። አፉን ያዳለጠው ሰው ዓሳማ አርዶ ይታረቃል፤ እፍረቱ ግን ከሥጋው ጋር ተበልቶ አያልቅም። እኔም የእህቴን ባል ስም እስካሁን አልነገርኳችሁም፤ አልነግራችሁምም።

ሰውየው ከማዶ መጥቶ እህቴን ያገባ ስለሆነ መንደሩ በሙሉ አማቹ ነው። ለአዲሱ ምክር ቤት የተወዳደረው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። የኮኮናት እርሻው ባለቤት ሚስተር ሃርዊክ አጥሩን እየገፋ የአባቶቻችን መቃብር ጫፍ ደርሷል፤ ይህን ከተማ ገብቶ የሚናገርልን አልነበረም። ሚስተር ሃርዊክም ተወዳዳሪ ነው። መንደርተኛው ሁሉ የእህቴን ባል እጅ እየጨበጠ «አንተን ነው የምንመርጠው» ብሎት ነበር። ያን ጊዜ ስም የጠየቀ የለም።

ማንበብ የማይችል ሰው የመረጠውን በሹሙ ጆሮ እንደሚያንሾካሹክ የሰማነው በምርጫው ዕለት ነው።

እኔ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ስለተቀመጥኩ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ እጅ ስም አይጠራም። ከዚያ ሹሙን ለመንኩት።

«ስሞቹን አንተ አንብብላቸውና እነሱ ራሳቸውን ይነቅንቁ።»

«አይፈቀድም። መራቸው እባላለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ምልክት ላድርግላቸው።»

«እሱማ ጭራሽ አይፈቀድም።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ላቡን እየጠረገ የደንቡን መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ። እውነትም እንደዚያ ይላል።

ብዙዎቹ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። አንድ ጎረቤቴ ግን ግማሽ ቀን ተሰልፎ ዝም ብሎ መውጣቱ ከበደውና፣ አፉ የሚደፍረውን ብቸኛ ስም ጠራ። ሲወጣ ዓይኔን ሸሸ። «ምን ላድርግ? ሃርዊክ አማቼ አይደለም» አለኝ። ሌሎችም ተከተሉት። የእህቴ ባል፣ ዕጩ መጠጋት ስለማይችል፣ ከገመዱ ማዶ ቆሞ አንድ በአንድ ሲገቡ ያያቸዋል፤ እነሱም በፍቅር እጃቸውን ያወዛውዙለታል።

ሳጥኑ ተቆልፎ በጀልባ ሲሄድ ውጤቱን የጠየቀ የለም። አመሻሽ ላይ የእህቴ ባል እኛ በረንዳ መጥቶ፣ እንደ ወጉ ለእናቴ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ከወዲያ የአጥር እንጨት ሲመታ ይሰማል።

«እማማን አልተቀየምኩም በልልኝ» አለኝ። «ቀጣዩ ምርጫ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔስ ምን ይሻላል?»

እናቴ የምትልጠውን ጎደሬ አላስቀመጠችም።

«ስሙን እንድጠራው ከፈለገ፣ እስከዚያ ልጄን ይፍታት በለው» አለችኝ።